«ይጠራቀምበት ግዴለም» እና ሌሎች ስለ ልጅ ቀለብ የሰለቹኝ አባባሎች

«ይጠራቀምበት፣ አንድ ቀን ሰብስቤ እቀበለዋለሁ።» ይህችን ንግግር የልጅ ቀለብ ካልተከፈላቸው እናቶች ቢሮዬ ውስጥ ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስና ወደሷ እመለሳለሁ።

«ሳንጋባ ነው የወለድነው።» ቢሆንስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል።

«ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም።» ልጁ ምሳ የሚበላው አንተ ስላየኸው ነው እንዴ? ከከለከለችህ እሱን ለብቻው ለፍርድ ቤት አመልክት።

«ቀለብ የደሞዝ አንድ ሦስተኛ ነው።» አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከደሞዝ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይቆረጥም ስለሚል ሳይሆን አይቀርም የተምታታው። ቀለብ የሚወሰነው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። ኑሮ ሲወደድ ወይም ሥራ ሲጠፋ ይሻሻልልኝ ማለትም ይቻላል።

አሁን ወደ «ይጠራቀምበት»። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ውዝፍ ቀለብን በሦስት ወር ውስጥ ካልተቀበላችሁት ወይም ካልጠየቃችሁት፣ ለኑሮ የግድ ማስፈለጉ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ከዚያ በኋላ መጠየቅ አይቻልም ይላል። (ክልል ያላችሁ የክልላችሁን ሕግ እዩ።) ሦስት ወር! የእቁብ እዳ አይደለም እኮ።

አንዲት እናት ቀለቡ ሳይከፈላት ሁለት ዓመት ዝም ብላ ቆይታ መጣች። የፍርድ ቤቱ የቀለብ ውሳኔ ማኅተሙ እንኳ ሳይደበዝዝ በፌስታል ተጠቅልሎ እጇ ላይ አለ። ለምን ዝም አልሽ ስላት «ሽማግሌዎቹ ትንሽ ታገሺው አሉኝ» አለች። የልጁን ትምህርት ቤት ከእህቷ እየተበደረች ስትከፍል ነው የታገሠችው። አባትየው ደግሞ ችሎት ቀርቦ «በእጇ ስሰጣት ነበር» አለ። ገንዘቡ ለኑሮዋ ያስፈልጋት እንደነበር ለማስረዳት እህትየውን፣ የሰፈሩን ባለሱቅ፣ የዱቤ ደብተሩን ሳይቀር ስንሰበስብ ከረምን። ያገኘነው ከጠየቅነው ግማሹን አልሞላም።

ስለዚህ እህቴ፣ አንድ ወር ሲዘልል ውሳኔውን ለሚያስፈጽመው፣ ለአፈጻጸም ችሎት አመልክቺ። ደሞዝተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ እየተቆረጠ በቀጥታ ወደ ሒሳብሽ እንዲገባ ጠይቂ። አንተም ወንድሜ፣ በእጅ መስጠት ይቅርብህ። በባንክ አስገባና ምክንያት በሚለው ቦታ «የጥቅምት ቀለብ» ብለህ ጻፍ። በእውነት በእጃቸው ሲሰጡ ኖረው ማስረጃ አጥተው ሁለተኛ የከፈሉ አባቶችንም አይቻለሁ።

ሽማግሌ ገብቶ ከሆነም እሰየው፤ ግን ማመልከቻው ገብቶ ይነጋገሩ።