ውጭ አገር የተፈጸመ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአያት ጫፍና በለገጣፎ ከውጭ የተመለሱ ነዋሪዎች በርካታ በመሆናቸው፣ በሌላ አገር ስለተፈጸመ ጋብቻ የሚነሳው ጥያቄ ብዙ ነው፤ ጋብቻው የተመሳሳይ ፆታ ሲሆን ግን ወሬው ሕጉን ይቀድማል።

«በውጭ አገር የጸና ጋብቻ እዚህም ይጸናል።»

ግማሹ እውነት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 5፣ በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት የተደረገ ጋብቻ በኢትዮጵያ እንደሚጸና ደንግጎ፣ የሕዝብን ሞራል የሚቃረን እንዳይሆን ወዲያው ገደብ ያስቀምጣል። ሕጉ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በስሙ ጠርቶ አይከለክልም። ይሁንና ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ስለ ማግባት መብት ሲናገር ወንዶችንና ሴቶችን መጥቀሱ፣ ከዚያም በላይ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግብረ ሥጋን በእስራት ማስቀጣቱ፣ ጋብቻው ከሞራል ገደቡ ያመልጣል ለሚል ክርክር ቦታ የሚተው አይመስለኝም። (ለገጣፎ ከተገባ የቤተሰብ ሕጉ የኦሮሚያ ክልል ነው፤ የወንጀል ሕጉ ግን ያው ነው።)

«ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካረጋገጠው ጋብቻው ታውቋል።»

ማረጋገጫው የሚመለከተው በሰነዱ ላይ ያለውን ፊርማና ማኅተም እንጂ የጋብቻውን ውጤት አይደለም።

«እዚህ ካልታወቀ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል።»

ሰውን ለችግር የሚዳርገው ይህ ነው። ጋብቻው እዚህ ውጤት ማጣቱ በተፈጸመበት አገር አያፈርሰውም። ለምሳሌ ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 2015 ጀምሮ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በሁሉም ግዛቶች በሚታወቅባት አሜሪካ ያገባ ሰው፣ ቤተሰቡ ሽማግሌ ልኮ እዚህ ሌላ ቢድርለት፣ በአሜሪካ ሕግ ፊት የመጀመሪያውን ትዳር እንደያዘ ስለሆነ ሁለተኛው ጋብቻ እዚያ ዋጋ የለውም፤ አዲሷን ሚስት በቪዛ ለመውሰድ ሲጠይቅም እንቅፋቱ ይህ ይሆናል። የሚያዋጣው መንገድ ቀድሞ እዚያው ፍርድ ቤት መፋታት ነው፤ የእኛ ፍርድ ቤት ያላወቀውን ጋብቻ በፍቺ ሊያፈርስ አይችልምና።

«አንድ አገር ወይ ሙሉ በሙሉ ያውቃል ወይ ፈጽሞ አያውቅም።»

እውቅና ለአንድ ጉዳይ ብቻም ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በሩማኒያ ጉዳይ፣ አባል አገራት ጋብቻውን ራሳቸው የመፈጸም ግዴታ ሳይኖርባቸው፣ በሌላ አባል አገር ለተጋባ የኅብረቱ ዜጋ ባለቤት የመኖሪያ መብት እንዲሰጡ ወስኗል። የናሚቢያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በግንቦት 2023 በደቡብ አፍሪካና በጀርመን የተፈጸሙ ጋብቻዎችን ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ተቀብሏል፤ የአገሪቱ ፓርላማ ግን ወዲያው ይህን ለመቀልበስ የጋብቻ ሕግ ረቂቅ አጽድቋል።