«እኛ እንኳን አንሸወድም» ለሚሉ የቴክ ሰዎች

የቴክኖሎጂ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ ደህንነት ሁሉም የሚደግማቸው አባባሎች አሉ። ስለተደገሙ ብቻ እውነት ይመስላሉ።

«ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው በሐሰተኛ ሊንክ አይታለልም።» ኧረ በደንብ ይታለላል! እ.ኤ.አ. በ2022 የክላውድፍሌር ሠራተኞች ስልክ ላይ የድርጅቱን መግቢያ ወደሚመስል ገጽ የሚወስድ መልዕክት ገባ። ሦስቱ የይለፍ ቃላቸውን አስገቡ፤ ያውም የኢንተርኔት ደህንነት የሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ። አጥቂዎቹ ግን አልገቡም። ለምን? ለመግባት ፍላሽ የምታክል የደህንነት ቁልፍ ታስፈልግ ነበር፤ ይቺ ቁልፍ ደግሞ የገጹን ትክክለኛ አድራሻ ራሷ ስለምታጣራ ሰውየው ቢሸወድም እሷ አትሸወድም።

«ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ) ካለ በቃ።» እንደ ዓይነቱ ነው። በዚያው ዓመት የታክሲ አገልግሎቱ ኩባንያ ኡበር የተጠቃው እንዴት መሰለህ? የይለፍ ቃሉ የተሰረቀበት የኮንትራት ሠራተኛ ስልክ ላይ «ልግባ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ መጣ፤ በመጨረሻ አንዱን ፈቀደ። አንተ ሳትገባ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣብህ የይለፍ ቃልህ ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። አትፍቀድ፣ ወዲያው ተናገር።

«የይለፍ ቃል በየሦስት ወሩ ይቀየር።» የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ይቅር ያለው ነገር ነው፤ መሰረቁ ሲታወቅ ይቀየር እንጂ። ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ይቀይራል፣ አለቀ።

«ፓስወርዱን ከኮዱ ሰርዤዋለሁ።» እኔን የምታናድደኝ ይቺ ናት። የዳታቤዙ ፓስወርድ ኮዱ ውስጥ ተረስቶ ፑሽ ይደረጋል፤ ማለትም ቡድኑ ወደሚጋራው የኮድ ማከማቻ (ሪፖ) ይላካል። ኮዱን የጻፈው ልጅ ይደነግጣል፣ መስመሯን ያጠፋና «ትንሽ ማስተካከያ» ብሎ ሌላ ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ይልካል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የሚባለው ፕሮግራም ግን የድሮውን ሁሉ ያስቀምጣል፤ የለውጦቹን ዝርዝር (ጊት ሎግ) ከፍቶ ወደኋላ የሄደ ሰው ያገኘዋል። ሪፖው የግል ቢሆንም ኮፒው ስንት ላፕቶፕ ላይ እንዳለ ማን ያውቃል? መጀመሪያ ፓስወርዱ ይቀየር፤ ታሪኩን ማጽዳት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ግን ልጁ ለምን ዝም አለ? «ያጠፋ ሰው ስብሰባ ላይ ካልተወቀሰ አይማርም» የሚል አለቃ ስላለው ነዋ! መማሩንስ ይማራል፣ መደበቅን። ቡድኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚነገርበት አንድ የታወቀ ቻናል ይኑር፤ እዚያ ለጻፈ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስም «ጥሩ አደረግክ የነገርከን፣ የትኛው ፓስወርድ ነው?» ይሁን።