ኪዩሾ፦ ስስ ቦታ የሚያስተምረው የካራቴ መምህር

ኪዩሾ የሰውነትን ስስ ቦታዎች ለይቶ የመምታትና የመጫን ዘዴ ነው። የዚህ ሙያ መምህር ከኪዩሾ አይጀምርም። እንደማንኛውም ካራቴካ ጥቁር ቀበቶውን ያስራል፣ ይወዳደራል። ቆይቶ ግን አንድ ጥያቄ ይይዘዋል፦ ካታ (ብቻን የሚሠራ ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የካራቴ እንቅስቃሴ) ላይ ያ ሁሉ የእጅ እንቅስቃሴ ለምንድን ነው?

ጥያቄው የካራቴ መገኛ ወደሆነችው የጃፓን ደሴት፣ ኦኪናዋ ያደርሰዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የኦኪናዋው የካራቴ መምህር አንኮ ኢቶሱ ካራቴን ትምህርት ቤት ሲያስገባ ለልጆች እንዲመች አቀለለው። የኪዩሾ ሰዎች «የካታው አደገኛ ትርጉም ያኔ ተደበቀ» ይላሉ።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ካስተማሩት አንዱ የኦኪናዋው ሴዩ ኦያታ ነበር። ከእሱ የተማረው የፔንሲልቫኒያው ጆርጅ ዲልማን ደግሞ የአኩፓንቸር (በመርፌ የሚሰጥ የቻይና ባህላዊ ሕክምና) ነጥቦችን ጨምሮበት በየአገሩ በሴሚናር አሰራጨው። የኪዩሾ መምህር እንጀራም እዚያው ሴሚናር ላይ ነው። ከዶጆ (የካራቴ ማሠልጠኛ) ወርሃዊ ክፍያ ይልቅ የቅዳሜና እሁድ ሴሚናር፣ ሰርተፍኬትና ቪዲዮ ያስገባል። ገበያውን የሚያሞቀው አንገቱን ቸብ ተደርጎ ዝርግፍ የሚለው ፈቃደኛ ተማሪ ነው።

ይህ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ከመንጋጋ ሥር፣ ትልቁ የአንገት ደም ቧንቧ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ የደም ግፊትን የሚከታተሉ ነርቮች አሉ። ቦታው ሲመታ አንጎል ግፊት የጨመረ ይመስለዋል። ልብ ቀስ ይላል፣ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል። ክርን ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረውም በቆዳ ሥር የሚያልፍ ነርቭ ነው። ነጥቦቹን በቻይና ባህላዊ ሕክምና አምስቱ ንጥረ ነገሮች (እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውሃ) ቅደም ተከተል ምታ የሚለው ትምህርት ግን ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።

ዲልማን ከዚህም አልፎ ሳይነኩ መጣል ይቻላል አለ። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. የቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ዘዴው የማያምን ሰው ላይ ሲሞከር ሰውየው ፍንክች አላለም። የዲልማን ማብራሪያ? ምላሱ ወይም የእግር ጣቱ አቀማመጥ ሊሆን ይችላል! የገዛ ተማሪዎቹ ግን ይወድቁ ነበር።

አደጋውም ቀላል አይደለም። የአንገት ምት የደም ቧንቧውን ግድግዳ ሊሰነጥቅ፣ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ጠንቃቃ መምህራን ለማሳያ ብለው ሰው አይጥሉም። በእጅ አንጓና በክንድ ይሠራሉ፤ ተማሪውንም «እምቢ በል፣ ታገለኝ» ይሉታል።