«ሕፃን ልጅ ምን ያውቃል?» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

የማስተምረው መዋዕለ ሕፃናት ነው። የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው ይማሩ የሚል ነገር በተነሳ ቁጥር የማይቀሩ አባባሎች አሉ። ወላጁም ይላቸዋል፣ አስተማሪውም ይላቸዋል። እኔ ግን ጆሮዬ ዝሏል።

«የሌሎቹን ትምህርት ይጎትታሉ።» የአራት ዓመት ልጅ ቀኑ የሚያልቀው በጨዋታ፣ በመዝሙር፣ በተረትና ወረፋ በመጠበቅ ነው። ምኑ ነው የሚጎተተው? በስሟ የሚጠራውን የሕፃናት ማስተማሪያ ዘዴ የፈጠረችው ጣሊያናዊት ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን የከፈተችው ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር፣ ለሠራተኛ ልጆች ነበር። ዘዴዋ ዓለምን የዞረው በእነሱ ተሞክሮ ነው። ዛሬ ስሟን በሩ ላይ ለጥፎ የድሃ ልጅ የሚከብደው ሰው ሳይ ሳቄ ይመጣል።

«ስድብ ያስተምሩብናል።» በእኔ ክፍል እስካሁን የሰማሁትን አስቀያሚ ስድብ ይዞ የመጣው በሹፌር የሚመላለስ ልጅ ነው። እንለፈው።

«ጥቅሙ ቶሎ ይጠፋል።» ይሄ ግማሽ እውነት አለው። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ በ1962 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የፔሪ ጥናት 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ይዞ ነበር፤ ቅድመ መደበኛ የገቡት 58 ናቸው። በአእምሮ ፈተና ያገኙት ብልጫ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠፋ። ሰዎች ወሬውን እዚህ ላይ ያቆሙታል። 40 ዓመት ሲሆናቸው ግን ሁለተኛ ደረጃ በመጨረስም፣ በገቢም ከቀሩት በለጡ። በፖሊስ የተያዙትም ከእነሱ ወገን ያነሱ ነበሩ። አስተማሪዎቹ በየሳምንቱ ቤት ድረስ እየሄዱ እናቶቹን ያገኙ እንደነበርም አይረሳ።

«ወላጆቹ ግድ የላቸውም።» ስብሰባ ስላልመጡ እኮ ነው! ስብሰባውን በሥራ ሰዓት እየጠራን። የቀን ሠራተኛ ከቀረ የቀኑ ገቢ ቀረ ማለት ነው። እኔም ራሴ አንዷን እናት ለሁለት ወር ግድ የለሽ ስላት ነበር። አንድ ቀን ከቦርሳዋ አንድ እስር ወረቀት አወጣች። የላኩላት ማስታወቂያ ሁሉ አለ፣ በአራት በአራት ታጥፎ። አንዱንም አልጣለችም። ማንበብ አትችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ቆሜ በቃል ነው የምናገረው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ሕፃን ልጅ ምን ያውቃል? ልዩነት አይታየውም።» ይህን የሚሉት ደጋግ ሰዎች ስለሆኑ ይብስ ያናድደኛል።

አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረኝ። የመክሰስ ሰዓት ሲደርስ ሁልጊዜ «ሚስ፣ ሽንት ቤት» ይላል። ሆዱን ያመዋል ብዬ እናቱን ሐኪም ቤት ውሰጂው እስከማለት ደረስኩ። አንድ ቀን ተከተልኩት። ቧንቧው ጋ ቆሞ ውኃውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ያዳምጣል። የምሳ ዕቃዎች ሲከደኑ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ያንን ድምፅ ሲሰማ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተመለሰ። የሱም ምሳ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ አለ፤ ባዶውን። ልዩነት አይታየውም በሉኝ እስቲ።

ሌሎቹም ያያሉ። «ለምንድን ነው ሁልጊዜ ያንን ሹራብ የሚለብሰው?» አለችኝ አንዷ። ክፋት የለባትም። «እሽሽ!» ብላት ኖሮ ድህነት ነውር መሆኑን ያን ቀን ትማር ነበር። «አንዳንድ ቤት ብዙ ልብስ አለ፣ አንዳንድ ቤት ጥቂት» አልኳት። «እሺ» ብላ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች።

ስለዚህ ልጁን መዝግቦ ማስገባት ብቻውን ማካተት አይደለም። በወር ስንቴ «ከቤት ይዛችሁ ኑ» እንደምትሉ ቁጠሩ። ለቀለም፣ ለልደት፣ ለፎቶ። እያንዳንዷ «ይዛችሁ ኑ» አንድ ልጅ ያን ቀን እንዲቀር ታደርጋለች። ቅያሪ ልብስ በሳጥን አዘጋጁና የረጠበ ሁሉ ከዚያ ይልበስ፣ ያለውም የሌለውም። ከዕረፍት ሲመለሱ «የት ሄዳችሁ?» አትበሉ፤ «ምን አሳቃችሁ?» በሉ። ስጦታ በሰው ፊት አትስጡ። ፎቶውንስ ለማን ነው የምታነሱት? «በነጻ የምትማሩ እጃችሁን አውጡ» ሲባልም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም።

እኛ መክሰሱን በአንድ ትልቅ ቅርጫት አደረግነው። ያመጣም ያላመጣም ከዚያው ያነሳል፤ ማን ምን እንደጨመረ አይታይም። ያ ልጅ መጀመሪያ ሦስት ቀን ያህል እንደልማዱ ወጣ። በአራተኛው ቀን በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለና ቅርጫቱን አየ። «ሚስ፣ ሽንቴ ጠፋ» አለኝ።