ተዋናይ እንስሳ ምንድን ነው?

በድሮ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች ፈረስ ያወራል፣ አሳማ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል፣ ውሻ ባለቤቱ ላይ አፍጥጦ ያበሽቀዋል። ተዋናይ እንስሳ የሚባለው እንዲህ ካሜራ ፊት በምልክት እንዲሠራ የሰለጠነ እንስሳ ነው። ቀልዱ አይገባውም። የሚገባው የአሰልጣኙ ምልክትና ተከትላ የምትመጣዋ ጉርሻ ናት።

ዋናው ምሳሌ «ሚስተር ኤድ» ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1966 የታየ ተከታታይ ኮሜዲ። ፈረሱ የሚያወራው ከባለቤቱ ከዊልበር ጋር ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ካለ ጭጭ! የፈረሱ ትክክለኛ ስም ባምቡ ሃርቬስተር ሲሆን፣ ድምፁን ያዋሰው አላን ሌን የሚባል የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ነበር።

ከንፈሩ ግን እንዴት ይንቀሳቀስ ነበር? ዊልበርን ሆኖ የተጫወተው አላን ያንግ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ አፉ ውስጥ እየከተቱለት እንደነበር ሲናገር ኖሯል። ሰውም አመነው። በኋላ ራሱ ያንግ ወሬውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ አለ። እሱ እንዳስረዳው መጀመሪያ የሠሩበት በናይለን ክር ነው። ከዚያ ፈረሱ ለመደ፤ አሰልጣኙ ሌስ ሂልተን ሰኮናውን ነካ ሲያደርገው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ይባስ ብሎ ያንግ ንግግሩን ሲጨርስ፣ ማንም ሳይነካው ተራዬ ነው ብሎ ይጀምር ነበር። ከአንዳንድ ሰው የተሻለ ጨዋታ ያውቃል ማለት ነው።

አሳማ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ፤ ቶሎ ያድጋል። «ግሪን ኤከርስ» የሚባለው ኮሜዲ ላይ የነበረውን አሳማ አርኖልድን፣ ፍራንክ ኢን ያሰለጠናቸው የተለያዩ አሳማዎች እየተፈራረቁ ሠርተውታል። ተመልካቹ ግን አንድ አርኖልድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ውሻም ያረጃል። «ፍሬዠር» የሚባለው ኮሜዲ ላይ ኤዲ የተባለውን ውሻ ሆኖ ይሠራ የነበረው ሙስ ሲደክም ልጁ ኤንዞ ተክቶታል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ግማሹ ሳቅ የሰውየው ነው። ፈረሱ ከንፈሩን ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ እልህ ተጋብቶ እንደ ሰው የሚከራከረው ያንግ ነው። እሱ ከምር ባይጨቃጨቅ ኖሮ የምናየው ዝንብ የሚያባርር ፈረስ ነበር።