ኖድ በሌለበት ቤት፦ የጄአርኪ ስክሪፕቶችን ዩኒት ቴስት ማድረግ

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። አርኪ የአንድን ድርጅት አሠራር፣ ሶፍትዌሩንና ሰርቨሩን አያይዞ በሥዕል ለማሳየት የሚያገለግል የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነው። ስሙ አርክቴክት ከሚለው ቃል የመጣ ነው እንጂ ከማርካት አይደለም፣ ያረካል አያረካም የሚለውን ለተጠቃሚው እተዋለሁ። በ2010 እንግሊዝ አገር ቦልተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊል ቦቮር ጀመረው፣ ወጪውን የሸፈነው ጂስክ የሚባለው ተቋም ነበር። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። የሚሣልበት ቋንቋ አርኪሜት ይባላል፤ ኔዘርላንድስ ተወልዶ አሁን በዘ ኦፕን ግሩፕ እጅ ያለ ደረጃ ነው።

ጄአርኪ ደግሞ አርኪ ላይ የሚጫን ፕለጊን ነው። ጃቫስክሪፕት ትጽፋላችሁ፣ ፋይሉን ኤጄኤስ በሚል ቅጥያ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ስክሪፕቱ የተከፈተውን ሞዴል፣ ማለትም ድርጅቱን የሚገልጸውን ፋይል፣ ያነባል፣ ይለውጣል፣ ይሰርዛል። ጄኩዌሪ የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የነካካ ሰው ወዲያው ይለምደዋል፤ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ በቅንፉ ውስጥ የኤለመንቱ (ሞዴሉ ውስጥ ያለው የአንዱ ነገር) ዓይነት፣ በቃ። አምስት መቶ ኤለመንት በእጅ ስም ሲያርም የዋለ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

ችግሩ የሚመጣው ስክሪፕቱ ሲረዝም ነው። ሃያ መስመር የነበረው አራት መቶ ይሆናል፣ የሥራ ባልደረባም መጠቀም ይጀምራል፣ ያኔ «ይሠራል ግን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ዩኒት ቴስት፣ ማለትም እያንዳንዱን የኮድ ቁራጭ ለብቻው በሌላ ኮድ መፈተን፣ አዲስ ነገር አይደለም። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ጄዩኒት የሚባለውን የጃቫ መፈተኛ ጻፉ ይባላል፣ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን አበጅቷል። ለጃቫስክሪፕት ጃስሚን አለ፣ ሞካ አለ፣ ጄስት አለ። ግን ጄስት ኖድን፣ ማለትም ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ ይፈልጋል፣ አርኪ ውስጥ ደግሞ ኖድ የለም። አርኪ ራሱ በጃቫ የተጻፈ ነው፣ ስክሪፕቱን የሚያስኬደውም በጃቫ ውስጥ የተቀመጠ ሞተር ነው፦ በፊት ናሽሆርን፣ አሁን ግራል። ናሽሆርን በ2020 ከጃቫ 15 ወጥቷል፣ ስለዚህ የቆየ ስክሪፕት ያላችሁ ሰዎች ቴስት የምትፈልጉበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አላችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ለእኔ መልሱ ስክሪፕቱን ለሁለት መክፈል ነው። የሚያስበው ክፍል ለብቻው፣ ሞዴሉን የሚነካው ለብቻው።

የሚያስበውን ክፍል በምሳሌ ላሳይ። የኤለመንቶቹ ስም በአማርኛ የተጻፈ ሞዴል አለን እንበል፣ ሥራችን የተደገሙትን መለየት ነው። አንዱ «ሒሳብ ሹም» ብሏል፣ ሌላው «ሂሳብ ሹም»። ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የማይተዋወቁ ናቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ፊደሎቻችንን በስምንት በስምንት ስለደረደረ ሐን ወደ ሀ ለማምጣት ከቁጥሩ ላይ 16 መቀነስ ነው፣ ሠን ወደ ሰ ለማምጣት 16 መጨመር፣ ፀን ወደ ጸ ለማምጣት 8 መቀነስ። ደስ ይላል፣ ሦስት መስመር ኮድ ነው። ከዚያ ቴስቱን ትጽፋላችሁ። «ሒሳብ» እና «ሂሳብ»፣ አለፈ። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ አለፈ። «ሀገር» እና «ሃገር»፣ ወደቀ! ሁለቱም እዚያው አንዱ ቤተሰብ ውስጥ ናቸውና መቀነሱ አልነካቸውም። ሌላም አለ፦ ስምንተኛው ቦታ ላይ ያለው ሗ ላይ 16 ሲቀነስ የሚገኘው ሇ ነው፣ በአማርኛ ማንም የማይጽፈው ፊደል። ይህን ሁሉ ለማወቅ አርኪን መክፈት አያስፈልግም። ፈንክሽኑ ጽሑፍ ይቀበላል፣ ጽሑፍ ይመልሳል፣ ኖድ ላይ በጄስት ማስኬድ ይቻላል።

አርኪ ውስጥ ማስኬድ ከፈለጋችሁም ትልቅ መሣሪያ አያሻም። ስምና ፈንክሽን የሚቀበል፣ ስህተት ቢፈጠር ይዞ የሚመዘግብ፣ መጨረሻ ላይ ያለፈውንና የወደቀውን ኮንሶል ላይ የሚጽፍ ሃያ መስመር ኮድ በቂ ነው። ብቻ አንድ ነገር፦ ሎድ በሚለው ትእዛዝ የምትጠሩት ፋይል የጋራ ሜዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለት ፋይል አንድ ዓይነት ስም ያለው ቋሚ ካወጀ ይጋጫሉ። ሁሉንም ፈንክሽን ውስጥ ጠቅልሉት።

ሞዴሉን የሚነካው ክፍል ነው ጣጣው። ብዙ ሰው አስመሳይ ሞዴል ይሠራል፦ ተራ የጃቫስክሪፕት ኦብጀክት፣ ስም አለው፣ ፕሮፐርቲ አለው፣ አለቀ። ይህ አስመሳይ ይዋሻል። አርኪ ውስጥ አንድ ኤለመንት «ባለቤት» የሚል ፕሮፐርቲ ሁለት ጊዜ ሊኖረው ይችላል፣ ተራ ኦብጀክት ግን ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ይጽፈዋል። አርኪሜት የማይፈቅደውን ግንኙነት አርኪ አልፈጥርም ይላል፣ አስመሳዩ ግን እሺ ባይ ነው። ደግሞም ቪው (አንዱ የሥዕል ገጽ) ላይ የምትመርጡት ሳጥን ኤለመንቱ ራሱ አይደለም፣ ሥዕሉ ነው። አንድ ኤለመንት አሥር ቪው ላይ ሊኖር ይችላል፣ ከአንዱ ሥዕሉን ብታጠፉ ኤለመንቱ አይሞትም። አስመሳይ ሞዴል ይህን ልዩነት የሚያውቀው እናንተ ካስታወሳችሁ ብቻ ነው፣ ካስታወሳችሁ ደግሞ መጀመሪያውኑ አትሳሳቱም ነበር።

ስለዚህ እዚህ ላይ እውነተኛውን ተጠቀሙ። በኮድ ባዶ ሞዴል መፍጠር ይቻላል፣ ሁለት ሦስት ኤለመንት ጨምራችሁ ስክሪፕቱን ታስኬዳላችሁ፣ ውጤቱን ታያላችሁ፣ ትጥሉታላችሁ። ግን አዲሱን ሞዴል የወቅቱ ሞዴል አድርጎ መሰየም አትርሱ! እኔ ረስቼ አውቃለሁ። የዶላር ምልክቱ የሚፈልገው በወቅቱ የተመረጠው ሞዴል ውስጥ ነው፣ የእኔ ቴስት ደግሞ ሲጀምር «ሁሉንም አጽዳ» ይል ነበር፣ ተመርጦ የነበረው የመሥሪያ ቤቱ ሞዴል ነበር። ቅጂ ነበረኝ፣ ተመስገን። አሁን ከማጽዳቱ በፊት የሞዴሉን ስም የሚያይ አንድ መስመር አለ፤ ስሙ «ቴስት» ካልሆነ ወዲያው ይቆማል።

አርኪ ከትእዛዝ መስመርም ይነሳል፣ መስኮት ሳይከፍት ስክሪፕት ያስኬዳል። ቴስቱን በየሌሊቱ ለማስኬድ የሚፈልግ ቡድን በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው። ውጤቱን ኮንሶል ላይ ብቻ አትተዉት፣ ፋይል ላይም ጻፉት፣ ጠዋት ሲገቡ የትኛው እንደወደቀ ከነስሙ ይታያል።