ስለ ሞክታር ሉቢስ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢንዶኔዥያዊው ጋዜጠኛና ደራሲ ሞክታር ሉቢስ (1922–2004፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሱካርኖ ያሰረው፣ ተተኪው ሱሃርቶ ነጻ ያወጣው የፕሬስ አርበኛ ተብሎ በአጭሩ ይነገርለታል። አባባሉ ለአፍ ይመቻል፤ የሰውየውን ታሪክ ግን ያጎድላል።

«የሚናንግካባው ሰው ነው»

የሚናንግካባው ብሔረሰብ በሚበዛባት የሱማትራ ከተማ ፓዳንግ ስለተወለደ እንዲህ መገመት ቀላል ነው። ቤተሰቡ ግን የሌላ ብሔረሰብ፣ የማንዳይሊንግ ባታክ ተወላጅ ነው።

«አሥር ዓመት ወህኒ ቤት ማቀቀ»

የባለሥልጣናትን ሙስና በሚያጋልጠው «ኢንዶኔዥያ ራያ» ጋዜጣው ሳቢያ በ1956 መጨረሻ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የቆየው በቁም እስር ነው። በ1961 ተለቅቆ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ታሰረ፤ እስከ 1966ም አልተፈታም።

«ዝነኛ ልብ ወለዱ መጀመሪያ የታተመው በአገሩ ነው»

የጃካርታን ድሆችና በሥልጣን የከበሩትን ጎን ለጎን የሚያሳየው «ሰንጃ ዲ ጃካርታ» በ1963 በእንግሊዝኛ ለንደን ላይ ሲታተም ደራሲው እስር ላይ ነበር። በአገሩ የታተመው በ1970 ነው።

«ሱሃርቶ ከመጣ በኋላ ችግር አልገጠመውም»

ከሁሉም የሚያሳስተው ይህ ነው። ሉቢስ አዲሱን መንግሥት በተስፋ ተቀብሎታል፤ ጋዜጣውም በ1968 እንደገና መታተም ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን የመንግሥትን የነዳጅ ኩባንያ የፐርታሚናን ገበና፣ የኃላፊውን የጄኔራል ኢብኑ ሱቶዎን አሠራር ጭምር፣ ማውጣት ያዘ። ጥር 1974 የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ታናካ ጃካርታን ሲጎበኙ ከተማዋ በብጥብጥ ታመሰች። መንግሥት በዚህ ሰበብ በርካታ ጋዜጦችን ሲዘጋ «ኢንዶኔዥያ ራያ»ም አብሮ ተዘጋ። ሉቢስ ራሱ በ1975 ለሁለት ወር ያህል ታሰረ። በዚያው ዓመት ፐርታሚና ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ ቆይቶም የዕዳው መጠን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ታወቀ። ጄኔራሉ በ1976 ተሻሩ። ጋዜጣው አስቀድሞ የጮኸበት ጉዳይ እውነት ሆኖ ሲወጣ ይቅርታ የጠየቀው ባለሥልጣን አልነበረም፤ ለነገሩ ማን ጠብቆ!

«ለጸሐፊ ሁሉ ነጻነት እኩል ቆሟል»

አድናቂዎቹ እዚህ ላይ ቶሎ ማለፍ ይቀናቸዋል። ሉቢስ በእስያ ከፍ ያለ ክብር ያለውን የማግሳይሳይ ሽልማት የተቀበለው በ1958 ነው። በ1995 ሽልማቱ ለልብ ወለድ ደራሲው ፕራሙድያ አናንታ ቱር ሲሰጥ ተቃውሞ የራሱን መለሰ። ቅሬታው መሠረት ነበረው፦ ፕራሙድያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከግራ ዘመም ጸሐፍት ጋር ወግኖ በሌሎች ደራሲያን ላይ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። ይሁን እንጂ ፕራሙድያ ከዚያ በኋላ በሱሃርቶ ዘመን ለ14 ዓመታት ያለ ፍርድ ታስሯል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈውም የፖለቲካ እስረኞች በሚጋዙበት በቡሩ ደሴት ነው። የእስርን ምሬት የሚያውቅ ሰው ይህን አመዛዝኖ ሽልማቱን መመለሱ ለእኔ ከባድ ስህተት ነው። ሉቢስ ሽልማቱን በመለሰበት ዓመት የፕራሙድያ መጻሕፍት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ገና እንደታገዱ ነበር።